ሆዱ ባዶ ጊታር ሲጮህ፦ ከጀጎል ቤት እስከ ሶፊ ድንኳን

ከሐረር ከተማ ተነስቶ በሶፊ ወረዳ ሠርግ የሚጫወት ጊታሪስት አንድ ሳምንት ድንኳን ውስጥ ይቆማል፤ በሌላው ሳምንት ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ በጀጎል ግንብ ውስጥ ባለ የሐረሪ ቤት። የያዘው ጊታር ሆሎው ቦዲ ከሆነ፣ ማለትም ሆዱ እንደ ቦክስ ጊታር ባዶ ሆኖ ፒክአፕ የተገጠመለት ኤሌክትሪክ ጊታር ከሆነ፣ በሦስቱም ቦታ የሚጠብቀው ችግር አንድ ነው። ባንዱ ሞቅ ብሎ ቮሊዩም ሲነሳ ጊታሩ ማንም ሳይነካው መጮህ ይጀምራል። ሙዚቀኛው ፊድባክ የሚለው ይህንን ነው።

ብዙ ሰው መፍትሔውን ከሱቅ ይጀምራል፦ ፔዳል፣ አዲስ አምፕ፣ ሌላ ጊታር። የምመክረው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የጩኸቱን ዓይነት መለየት፣ ቀጥሎ የቆሙበትን ቦታ ማስተካከል፣ ከዚያ ዝቅተኛውን ድምፅ መቀነስ፣ ከዚያ ጊታሩን ማፈን። ገንዘብ ማውጣት የሁሉም መጨረሻ ነው።

1. ጩኸቱ እንዴት ይፈጠራል?

ፒክአፑ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል፤ ስፒከሩ አየሩን ያነቃንቃል። የተነቃነቀው አየር ተመልሶ የጊታሩን ፊት ይገፋል፤ ፊቱ ክሮቹን ያንቀጠቅጣል፤ ፒክአፑ ያንኑ እንደገና ያነሳዋል። ድምፁ በየዙሩ ካለፈው ከፍ ብሎ ከተመለሰ እያደገ ሄዶ ይጮሃል፤ ዝቅ ብሎ ከተመለሰ ይሞታል። ስለዚህ ዙሩን በሁሉም ቦታ መዝጋት አያስፈልግም። አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ማዳከም ይበቃል።

ሁሉም ድምፅ እኩል አይዞርም። ባዶ ሆድ ጊታር ሁለት ደካማ ጎኖች አሉት። አንደኛው በሆዱ ውስጥ ያለው አየር በኤፍ ቅርጽ ቀዳዳዎቹ በኩል እየወጣና እየገባ የሚነዝርበት ድምፅ ነው። ሁለተኛው ፊቱ ራሱ እንደ ከበሮ ቆዳ የሚነዝርበት ነው። ጥልቅ ሆድ ባላቸው ጊታሮች የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ 100 ኸርዝ አካባቢ፣ ሁለተኛው 200 ኸርዝ አካባቢ ይገኛል (ኸርዝ ማለት በሰከንድ ውስጥ ያለ የንዝረት ብዛት ነው)። አምስተኛው የጊታር ክር፣ ኤ፣ 110 ኸርዝ ነው፤ ሦስተኛው ክር፣ ጂ፣ 196 ኸርዝ። ጩኸቱ ደጋግሞ በእነዚህ ድምፆች አካባቢ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። የጊብሰን ኩባንያ ኢኤስ-150 የተባለውን ኤሌክትሪክ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1936 ሲያወጣ የዘመኑ አምፕሊፋየሮች አነስተኛ ነበሩ፤ ባንዶች ድምፃቸውን እያሳደጉ ሲሄዱ ግን ጩኸቱ መላ የሚፈለግለት ጉዳይ ሆነ። በ1949 የወጣው ኢኤስ-175 ፊቱ ከተነባበረ እንጨት ተሠራ፤ እንዲህ ያለው ፊት ከነጠላ እንጨት ይልቅ ለንዝረት አይቸኩልም። በ1958 የወጣው ኢኤስ-335 ደግሞ ከአንገቱ ሥር እስከ መጨረሻው በሆዱ መካከል ድፍን የሜፕል እንጨት ገባለት፤ ጎንና ጎኑ ብቻ ባዶ ቀረ። ዛሬ ሴሚ ሆሎው የምንለው ቤተሰብ ዋና ምሳሌው እሱ ነው። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ.ቢ. ኪንግ ሉሲል በሚል ስም የተሠራለት ጊታር የኤፍ ቀዳዳ እንዳይኖረው ያስደረገው ይህንኑ ጩኸት ለመቀነስ ነበር። ፊቱን ማጠንከር፣ መሐሉን መሙላት፣ ቀዳዳውን መዝጋት፤ ሦስቱም የፋብሪካ መላዎች ናቸው። የመጨረሻውን እርስዎም በጥቂት ብር ስፖንጅ ሊሠሩት ይችላሉ።

2. መጀመሪያ የትኛው ጩኸት እንደሆነ ይለዩ

መድረክ ላይ የሚባክነው ጊዜ በአብዛኛው የሚባክነው ሳይለዩ በመነካካት ነው። የሚከተለው ፍተሻ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ።

ሀ) የጊታሩን ቮሊዩም ዜሮ ላይ ያድርሱ። ጩኸቱ ካልቆመ ጥፋተኛው ጊታሩ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ማይክ ነው። በሠርግ ላይ ጊታሪስቱ በማይክ ጥፋት ሲወቀስ ማየት የተለመደ ስለሆነ ይህ ፍተሻ ሁልጊዜ መቅደም አለበት።

ለ) ቮሊዩሙን ይመልሱና ስድስቱንም ክሮች በመዳፍዎ ያፍኑ። ጩኸቱ ወዲያው ከሞተ ዙሩ የሚያልፈው በክሮቹ በኩል ነው። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ቦታ በመቀየርና በእጅ ሥርዓት ይፈታል።

ሐ) ክሮቹ ታፍነውም ወፍራም "ኡኡኡ" ከቀጠለ፣ ክሮቹን እንደያዙ ክንድዎን በጊታሩ ፊት ላይ ጫን አድርገው ያሳርፉ። ከቀነሰ ወይም ድምፁ ከተለወጠ የሚጮኸው ሆዱ ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ክፍል በተለይ ለዚህ ነው የተጻፉት።

መ) ክሩን ማፈንም ፊቱን መጫንም ለውጥ ካላመጣና ድምፁ ጆሮ የሚበሳ ቀጭን ፉጨት ከሆነ ፒክአፑን ይጠርጥሩ። በጥፍርዎ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት። በስፒከር በኩል ልክ ማይክ እንደተመታ ጎልቶ ከተሰማ ውስጡ ያለው የመዳብ ሽቦ ላልቷል ማለት ነው። ትንሽ ድምፅ መስማት ግን ጤነኛ ፒክአፕም ላይ ያለ ነው።

ሠ) ድምፁ የማያድግና የማይቀንስ "እምምም" ከሆነ ከነጭራሹ ፊድባክ አይደለም። ከመብራት የሚመጣ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ እምምታው በዚያው ድምፅና በእጥፎቹ ላይ ይሰማል። ከስፒከሩ ሲርቁ አይጠፋም፤ ጊታሩን ወደ ግራና ቀኝ ሲያዞሩ ግን ሊለዋወጥ ይችላል። መፍትሔው በኬብሉ፣ በጃኩና በመብራት መስመሩ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መዝለል አልችልም። እምምታውን ለማጥፋት ብሎ የሶኬቱን የመሬት መስመር የሚቆርጥ ሰው አለ። በጭራሽ አያድርጉት። ድንኳን ውስጥ በጄኔሬተር ሲሠራ፣ እጅዎ የጊታር ክር ይዞ ከንፈርዎ ማይክ ሲነካ፣ ያ የመሬት መስመር ነው ሕይወትዎን የሚጠብቀው። ማይኩን በከንፈር ከመንካትዎ በፊት ክሮቹን በጣትዎ ይዘው በእጅዎ ጀርባ ማይኩን ዳሰስ ያድርጉት። ትንሽ እንኳ ከነዘረዎ ሲስተሙ እስኪስተካከል አይጫወቱ።

3. የሚቆሙበት ቦታ

ምንም ወጪ የማይጠይቀው፣ ለውጡም ፈጥኖ የሚታየው ይህ ነው።

ገላጣ ቦታ ላይ ከስፒከር ያለዎትን ርቀት እጥፍ ሲያደርጉ ወደ ጊታሩ የሚመለሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር መሄድ ማለት ነው። ከፍተኛ ለውጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጩኸቱን ብቻውን ይገድለዋል። ቤት ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው ጥቅሙ ያንሳል።

አምፑ ከኋላዎ ሆኖ ቀጥታ ጊታሩ ላይ እንዳያነጣጥር ያድርጉ። ከጎን፣ ከወገብዎ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጆሮዎ የተጋደለ ቢሆን ይመረጣል። አብዛኛው ጊታሪስት ቮሊዩም የሚያነሳው ለታዳሚው ብሎ አይደለም፤ ራሱን መስማት ስላቃተው ነው። አምፑ መሬት ላይ ሆኖ ቁርጭምጭሚትዎን ሲመታ ጆሮዎ አይሰማውም፤ የጊታሩ ሆድ ግን ይሰማዋል። ጠንካራ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያስተካክላል፦ እርስዎ በትንሽ ቮሊዩም ይሰሙታል፤ ወለሉ የሚጨምርለት ወፍራም ድምፅም ይቀንሳል። በተመሳሳይ ምክንያት አምፕን የክፍል ጥግ ላይ አያስቀምጡ። ሁለት ግድግዳና ወለል ሲገናኙ ዝቅተኛውን ድምፅ ያበዙታል።

ሰውነትዎን መከላከያ አድርገው በጊታሩና በስፒከሩ መካከል መቆም ለቀጭኑ ፉጨት ይሠራል፤ ለወፍራሙ ጩኸት ብዙም አይሠራም። የ100 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ከ3 ሜትር በላይ ርዝመት ስላለው ሰውን ዞሮ ያልፋል። ለወፍራሙ ጩኸት የሚሻለው በዝግታ መዞር ነው። ቮሊዩሙ መጮህ ሊጀምር ሲል ባለበት ይተዉትና ቆመው በትንሽ በትንሹ ይዙሩ፤ ከዚያም ግማሽ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ይበሉ። ድምፁ የሚሞትበት ቦታ ያገኛሉ። ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉበትና ምሽቱን ሙሉ እዚያው ይጫወቱ።

ድንኳን ውስጥ ከሚደጋገሙት ስሕተቶች አንዱ ቦታ ጠበበ ተብሎ ትልልቆቹ ስፒከሮች ከባንዱ ኋላ መደርደራቸው ነው። እንዲህ ሲሆን የሲስተሙ ድምፅ በሙሉ በጊታሩ ላይ ያርፋል። ስፒከሮቹ ከባንዱ ፊት፣ ወደ ታዳሚው ዞረው መቆም አለባቸው። አንድ ሜትር እንኳ ወደፊት ቢገፉ ለውጡ ይታወቃል። ሳቡ፣ ማለትም የወፍራሙ ድምፅ ስፒከር፣ ከሳንቃ መድረክ ጋር ተነካክቶ ከቆመ ደግሞ ሳንቃው በእግርዎና በአምፑ በኩል ንዝረቱን ያመጣልዎታል። ሳቡን ከመድረኩ ያላቁት፤ ከአምፑ ሥር የታጠፈ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ስፖንጅ ያንጥፉ።

የቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ባዶውን ሲፈተሽ ከእውነተኛው የከፋ ይመስላል። ሰው ሲሞላ ልብስና ገላ ቀጭኑን ድምፅ ይመጠዋል። ስለዚህ በሳውንድ ቼክ ላይ የሚሰማ ትንሽ ፉጨት አያስደንግጥዎ። ወፍራሙ ጩኸት ግን በሰው ብዛት አይጠፋም፤ እሱን ያኔውኑ ይጨርሱት።

የጀጎሉ ቤት ለብቻው ይታያል። በሐረሪ ቤት ዋና ክፍል፣ ጊዲር ጋር በሚባለው፣ ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ) ላይ ምንጣፍና ትራስ ተነጥፏል፤ ግድግዳው በስፌት ሥራ ተሸፍኗል። ይህ ሁሉ ቀጭኑን ድምፅ ይመጣልና እዚያ ፉጨት እምብዛም አይሰማም። የሚቀረው ወፍራሙ ነው። ክፍሉ 5 ሜትር ርዝመት ቢኖረው ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ በ34፣ በ69 እና በ103 ኸርዝ አካባቢ ራሱ ክፍሉ ያስተጋባል። ሦስተኛው ቁጥር ቀጥታ የጊታሩ ሆድ ደካማ ቦታ ላይ ያርፋል። እነዚህ ድምፆች ግድግዳ ሥር ከሁሉም ይበረታሉ። ስለዚህ በተለመደው መንገድ ግድግዳ ተደግፈው አይጫወቱ፤ ከነደባው ጠርዝ ወደ መሐል ይጠጉ። ለእንዲህ ያለ ክፍል 10 ወይም 15 ዋት አምፕ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ይዞ መግባት ችግር ተሸክሞ መግባት ነው።

4. ዝቅተኛውን ድምፅ መቀነስ፣ ከሳውንድ ማኑ ጋር

ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ካሉ የእርስዎ ጊታር ከ100 ኸርዝ በታች የሚሰጠው ጥቅም የለም ማለት ይቻላል። ያ ድምፅ የሚያገለግለው ዙሩን ለመመገብ ብቻ ነው። ሚክሰሩ ላይ በጊታሩ መስመር ሎው ከት የሚባለውን ቁልፍ ያስጫኑ፤ እንደ ሚክሰሩ ዓይነት 75፣ 80 ወይም 100 ኸርዝ ላይ ይቆርጣል። አምፕዎ ላይ ደግሞ ቤዙን ከመሐል በታች ያውርዱት።

ቀጥሎ የሚጮኸውን ድምፅ በቁጥር ማወቅ ነው። በጊታሩ ራስ ላይ የሚነከስ ቱነር ወይም ስልክ ላይ የተጫነ ቱነር ይዘው ጩኸቱን ሆን ብለው ለአንድ አፍታ ያስነሱት፤ ቱነሩ ስሙን ያሳይዎታል። የፔዳል ቱነር ሲረገጥ ድምፁን ስለሚዘጋው ለዚህ አይሆንም። ኤፍ ሻርፕ ካለ 185 ኸርዝ ነው፤ ጂ 196፤ ጂ ሻርፕ 208፤ ኤ 220፤ ኤ ሻርፕ 233፤ ቢ 247። ወፍራሙ ከሆነ የእነዚህ ግማሽ ነው፦ ጂ 98፣ ኤ 110፣ ቢ 123።

ቁጥሩን ሲይዙ ከሳውንድ ማኑ ጋር የሚያደርጉት ንግግር ይለወጣል። "ጊታሩ እየጮኸ ነው፣ አንድ ነገር አድርግ" ከተባለ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእርስዎን ቮሊዩም ያወርዳል። "ወንድሜ፣ 200 ላይ ሦስት ዴሲቤል ቀንስልኝ" ሲሉት ግን እጁ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይሄዳል። 31 መስመር ያለው ኢኩዋላይዘር ካለ 100፣ 125፣ 160፣ 200 እና 250 የሚሉ መንሸራተቻዎች ያገኛል። ሚክሰሩ ላይ የሚሽከረከር የመሐል ድምፅ ማስተካከያ ብቻ ካለም ወደዚያው ቁጥር ማምጣት ይቻላል።

አቀናነሱ እንዲህ ነው። ቮሊዩሙን በዝግታ ያነሳሉ፤ መጮህ ሲጀምር ያቆማሉ፤ ያንን ድምፅ ብቻ በ3 ዴሲቤል ይቀንሳሉ፤ እንደገና ያነሳሉ። ሁለተኛ ጩኸት ሲመጣ እሱንም እንዲሁ። ከሦስት ድምፅ በላይ አይቁረጡ። ከዚያ ጩኸቱ ከሚጀምርበት በታች ቢያንስ 3 ዴሲቤል፣ ቢቻል 6 ወርደው ለምሽቱ ይተዉት። ሁሉንም ወፍራም ድምፅ በአንድ ጊዜ በ10 ዴሲቤል የሚያወርድ ሰው ጊታሩ ይሳሳበታል፤ ሲሳሳበት ቮሊዩም ያነሳል፤ ጩኸቱም ይመለሳል።

በሞኒተር ውስጥ ጊታር እንዲገባልዎ አይጠይቁ። አምፕ ከጎንዎ ካለ በቂ ነው። ከእግርዎ ሥር ሆኖ ወደ ላይ፣ ወደ ጊታሩ ሆድ የሚያነጣጥር ስፒከር ውስጥ ጊታሩን መጨመር ዙሩን ለመቀስቀስ ካሉት መንገዶች ሁሉ አጭሩ ነው።

5. ጊታሩን ማፈን

መጀመሪያ የኤፍ ቀዳዳዎቹ። ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ በቀዳዳው ቅርጽ፣ ከቀዳዳው ጥቂት ሚሊሜትር ሰፋ አድርገው ይቁረጡ፤ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ጫን አድርገው ሲያስገቡት ራሱን ችሎ ይያዛል። ሙጫ አይጠቀሙ፤ ፕላስተርም በቀለሙ ላይ አይለጥፉ፤ የአሮጌ ጊታር ቀለም ተላጦ ሊነሳ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ አንዱን ቀዳዳ ብቻ መዝጋት ይበቃል፤ መጀመሪያ አንዱን ይሞክሩ። ስፖንጁ ላይ ክር ካሰሩበት ወደ ውስጥ ቢገባ ጎትተው ያወጡታል።

ያ ካልበቃ ለስላሳ ጨርቅ ወደ ሆዱ ያስገቡ። ሽቦዎቹን እንዳይነካ፣ ፊቱንም ከውስጥ እንዳይገፋ ይጠንቀቁ። የጊታሩ ተፈጥሯዊ ድምፅ ይቀንሳል። ድንኳን ውስጥ ከጄኔሬተርና ከድራም ጋር ሲጫወቱ ያንን ተፈጥሯዊ ድምፅ ማንም አይሰማውም፤ ስለዚህ የሚያጡት ትንሽ ነው። ለጀጎሉ ቤት ግን ያውጡት።

ከድልድዩ ኋላ፣ እስከ ክሮቹ መቋጠሪያ ድረስ ያለው የክር ክፍል ማንም ሳይመታው አብሮ ይነዝራል። በክሮቹ መካከል የተሸመነ ቁራጭ ጨርቅ ወይም ቀጭን ቆዳ ዝም ያሰኘዋል።

ብሎኖቹን ይፈትሹ። በኮረኮንች መንገድ በመኪና የተንገጫገጨ ጊታር የፒክአፕ ፍሬም ብሎን፣ የመቃኛ ራስና የጃክ ፍሬ ይላላበታል። የላላ ነገር ሁሉ ከሚጮኸው ድምፅ ጋር አብሮ ይንጫጫል። ከመውጣትዎ በፊት ሳይሆን ከደረሱ በኋላ ያጥብቁ፤ ከልክ በላይ ግን አያጥብቁ።

ፒክአፑ ራሱ የሚያፏጭ ከሆነ ሥራው ሰም ውስጥ መንከር ነው። አራት እጅ ፓራፊን፣ አንድ እጅ የንብ ሰም ተቀላቅሎ በ65 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ፒክአፑ ውስጡ የታሰረው አየር በአረፋ መልክ ወጥቶ እስኪያልቅ ይቆይበታል። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ይቀጣጠላል። ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ በሌላ ዕቃ ሆኖ ነው የሚቀልጠው። ሙቀቱ ካለፈ የፒክአፑ ፕላስቲክ ይቀልጣል፤ ብየዳ የማያውቅ ሰውም መንቀል የለበትም። እኔ የምመክረው ለሙያተኛ መስጠትን ነው።

6. መነሻ ድምፁና ቅኝቱ

ይህን ነጥብ የውጭ አገር መምሪያዎች አያነሱትም፤ ለእኛ ግን ዋና ነው። ትዝታም ሆነ ባቲ አምስት ድምፆች ላይ ይመላለሳል። የምሥራቁ የኦሮምኛ ዘፈንም ብዙው እንዲሁ ነው። መነሻው ድምፅ በየሐረጉ መጨረሻ ይመጣል፤ ቤዙም እዚያው ይረግጣል። ያ መነሻ ድምፅ የጊታሩ ሆድ ደካማ ቦታ ላይ ካረፈ ጩኸቱ በየሐረጉ ይቀሰቀሳል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ድምፅ የሚያዟዙር ዜማ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይደጋገምም ነበር።

ስለዚህ የጊታርዎን ደካማ ድምፅ ቤትዎ ሆነው ይወቁት። አምፕ ላይ ሰክተው በአራተኛው ክር ላይ ከሦስተኛ ፍሬት እስከ ዘጠነኛ ፍሬት አንድ በአንድ ይምቱ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ ሲያብጥና ሲቆይ ይሰማዎታል። ፊቱም በክንድዎ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይታወቅዎታል። እሱን በማስታወሻ ይያዙት። ጂ ሻርፕ ከሆነ፣ በጂ ሻርፕ ለሚዘፍን ድምፃዊ ዘፈኑን በጂ ወይም በኤ ማድረግ ይችል እንደሆነ ከልምምዱ ቀን ጀምሮ ይጠይቁት። ግማሽ ድምፅ ብዙ ድምፃዊ አይከብደውም። የሚከብደው ከሆነ ያንን ድምፅ በሌላ ክር፣ በአጭሩ ይምቱት፤ ወይም ለቤዙ ይተዉለት።

7. እጅና ፔዳል

የማይመቱትን ክር ማፈን ልማድ ይሁን። የቀኝ መዳፍ ጠርዝ ወፍራሞቹን፣ የግራ እጅ ጣቶች ቀጫጭኖቹን ይይዛሉ። በዘፈን መካከል ዕረፍት ሲኖርዎ ቮሊዩሙን በጊታሩ ላይ ይዝጉ፤ ቮሊዩም ፔዳል ካለዎ ይህ በእግር ይሆናል።

ኮምፕሬሰር ፔዳል ደካማውን ድምፅ ስለሚያጎላ ጩኸቱን ያቀርበዋል። ኦቨርድራይቭም እንዲሁ፤ ጌይኑን በግማሽ ያውርዱት። ኖይዝ ጌት የሚሠራው ዝም ሲሉ ብቻ ነው፤ ሲጫወቱ ክፍት ስለሆነ አያድንም። ገንዘብ ማውጣት ካለብዎ የምመክረው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፦ የሚቆርጠውን ድምፅ መርጠው ማስተካከል የሚችሉበት ፓራሜትሪክ ኢኩዋላይዘር ፔዳል። ሳውንድ ማኑ ማንም ይሁን ማን የጊታርዎን ደካማ ድምፅ ራስዎ ቆርጠው ይመጣሉ።

8. ዑድ፣ ክራርና ማሲንቆ

በድሬዳዋ የተወለደውና እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈው ድምፃዊ አሊ ቢራ ዑድም ጊታርም ይጫወት ነበር። በዚህ አካባቢ በአንድ መድረክ ሁለቱን የሚለዋውጥ ሙዚቀኛ እንግዳ አይደለም። ዑድ፣ ቆዳ የለበሰ ክራርና ማሲንቆ ፒክአፕ ሲገጠምላቸው ከሆሎው ጊታር የባሰ ይጮሃሉ፤ ፊታቸው ቀጭን ነውና። ከላይ ያለው አብዛኛው ለእነሱም ይሠራል፤ ሦስት ነገር ግን ይጨመራል።

አንደኛ፣ የሚለጠፈው ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ፒዬዞ ነው። ቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ድምፁ ይሳሳል፤ ለማካካስ ቮሊዩም ይነሳል። በመካከል ፕሪአምፕ ወይም ለፒዬዞ የሚሆን፣ የመግቢያ ኢምፔዳንሱ 1 ሜጋኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ዲአይ ቦክስ ያስገቡ። ሁለተኛ፣ ፕሪአምፑ ላይ ፌዝ የሚል ቁልፍ ካለ ከሁሉም በፊት እሱን ይሞክሩ። የሚመለሰው ድምፅ ሲገፋ የነበረውን እንዲስብ ያደርገዋል፤ ወፍራሙ ጩኸት አንዳንዴ በዚያች ቁልፍ ብቻ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ፒክአፑን ከቆዳው ወይም ከፊቱ መሐል አርቀው ወደ ጠርዝ ይውሰዱት። መሐሉ ከሁሉም በላይ የሚነዝርበት ቦታ ነው።

9. በሥራው ቀን

ከባንዱ አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ስፒከሮቹ ከተተከሉ በኋላ ማንቀሳቀስ ክርክር ነው፤ ሲተከሉ ከተገኙ ግን በአንድ ቃል ያልቃል። ብሎን ያጥብቁ፣ ስፖንጁን ይክተቱ፣ አምፑን ወንበር ላይ ያውጡ፣ የሚቆሙበትን ምልክት ያድርጉ፣ ደካማውን ድምፅ ለሳውንድ ማኑ በቁጥር ይንገሩት። ከዚያ ድራሙና ቤዙ ባሉበት፣ በምሽቱ ቮሊዩም አንድ ሙሉ ዘፈን ይጫወቱ። ብቻዎን የሚያደርጉት ፍተሻ አያስተማምንም፤ ከቤዙ ጋር ሲሆን ነው ሆዱ የሚቀሰቀሰው።

ጊታር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙውን ሥራውን በድንኳንና በአዳራሽ የሚሠራ ከሆነ፣ መሐሉ ድፍን እንጨት ያለበትን ሴሚ ሆሎው ይግዛ። ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነውን ጥልቅ ጊታር ለጀጎል ቤትና ለስቱዲዮ ያቆየው። ለሶፊ ድንኳን ግን አይመረጥም።